ኮምፒውተር ውስጥ ስላለው ሙዚቃችን የምናምናቸው ስህተቶች

በየቤታችን ባለው ኮምፒውተር ውስጥ ዛሬ በየትኛውም ሙዚቃ ቤት የማይገኝ ብዙ ዘፈን ተቀምጧል። ከሸክላ ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ሃርድ ዲስክ እየተሻገረ የመጣ ነው። የአንድ ሠርግ ቅጂ፣ የአንድ ማኅሌት ሌሊት፣ ከሬዲዮ የተቀዳ የክራር ጨዋታ፣ አንዳንዱ ከዚያ ቤተሰብ እጅ ውጪ የትም የለም። ይህ ሀብት የሚጎዳው ዕቃው ሲበላሽ ብቻ አይደለም። ባለቤቱ በቅን ልቦና፣ ግን በተሳሳተ እምነት በሚሠራው ሥራም ይጎዳል። ደጋግሜ የምሰማቸውን አባባሎች እያነሣሁ እውነታውን ላስቀምጥ።

«ኤምፒ3ን ወደ ፍላክ ከቀየርኩት ጥራቱ ይጨምራል»

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው፤ ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ እንኳ በቀላሉ አይታወቅምና። ሲዲ ድምፅን በሰከንድ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱን ልኬት በ16 ቢት፣ ለግራና ለቀኝ ለየብቻ ይመዘግባል። ይህ በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት፣ በደቂቃ ደግሞ ወደ 10 ሜጋባይት ይሆናል። ሃርድ ዲስክ ትንሽ፣ ኢንተርኔትም ቀርፋፋ በነበረበት ዘመን ይህን ሁሉ መሸከም አይቻልም ነበር። ኤምፒ3 መፍትሔ ያመጣው ጆሮ የማይሰማውን፣ በተለይም ከፍ ባለ ሌላ ድምፅ የሚሸፈነውን ክፍል እየመረጠ በመጣል ነው። በሰከንድ 128 ኪሎቢት የሆነ ኤምፒ3 የሲዲውን አንድ አሥራ አንደኛ ገደማ ብቻ ይይዛል፤ በደቂቃ 1 ሜጋባይት አካባቢ ማለት ነው።

የተጣለው ተጥሏል። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ፍላክ (FLAC) የተባለው የድምፅ ፋይል ዓይነት በሌላ መንገድ ይሠራል፦ ቁጥሮቹን አጥፎ ያስቀምጣል እንጂ አንዱንም አይጥልም፤ ሲከፈት በሲዲው ላይ የነበረው ሁሉ እንዳለ ይመለሳል። መጠኑም እንደ ሙዚቃው ዓይነት ከዋናው ግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ይደርሳል። ነገር ግን ፍላክ የሚጠብቀው የተሰጠውን ነው። የተሰጠው ኤምፒ3 ከሆነ ጉድለቱን በታማኝነት ይጠብቃል፤ ፋይሉ ያብጣል፣ ድምፁ ያው ነው። የ128ቱን ወደ 320 መቀየር ደግሞ ይብሳል፤ እንደገና ሲጨመቅ እንደገና ይጣላልና። አንድ ዘፈን በዚህ ዓይነት ሦስትና አራት እጅ ካለፈ በኋላ የማሲንቆው ጭራ ክሩን ሲፍቅ የሚያሰማው ድምፅ፣ የዋሽንቱ ትንፋሽ፣ የከበሮው ጫፍ ሁሉ ውሃ ውስጥ እንደገባ ያህል ይደበዝዛል።

የተገዛው «ፍላክ» እውነተኛ መሆኑን መመርመር የሚፈልግ ሰው እንደ ኦዳሲቲ ባለ ነፃ ፕሮግራም የድምፁን የድግግሞሽ ሥዕል ይክፈት። 128 ኪሎቢት የሆነ ኤምፒ3 ብዙውን ጊዜ ከ16,000 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ) አካባቢ በላይ በቢላ እንደተቆረጠ ባዶ ነው። የድሮ ካሴትም ከፍተኛው ድምፅ ያንሰዋል፤ ግን ቀስ በቀስ እየሳሳ ይጠፋል እንጂ በቀጥታ መስመር አይቆረጥም። ሁለቱን ለመለየት ትንሽ ዓይን ማስለመድ ብቻ ይበቃል።

የሚበጀው አሠራር ቀላል ነው። ሲዲውንም ካሴቱንም አንድ ጊዜ በፍላክ በደንብ ማስገባት፤ ለስልክና ለመኪና የሚሆነውን ኤምፒ3 ከዚያ እያወጡ መጠቀም፤ ዋናውን ግን አለመንካት።

«ፋይል በተገለበጠ ቁጥር ይደክማል»

ይህ ከካሴት ዘመን የቀረ እምነት ነው። ያኔ እውነት ነበር፤ የቅጂ ቅጂ ሲቀዳ ሹክሹክታው ይጨምር፣ ድምፁ ይታፈን ነበር። ፋይል ግን ሲገለበጥ ቁጥር በቁጥር ያው ነው፤ ሺህ ጊዜ ቢጫወትም አያልቅም። የሚጎዳው መገልበጡ ሳይሆን በመንገድ ላይ የሚደረግ መጭመቅ ነው። አንዳንድ የመልእክት መላላኪያ መተግበሪያዎች ድምፅን ሲልኩ ባለቤቱን ሳይጠይቁ እንደገና ይጨምቁታል። ስለዚህ ዘፈን ሲላክ እንደ ድምፅ መልእክት ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ።

«192 ኪሎኸርዝ ካልሆነ ሙዚቃ አይባልም»

192 ኪሎኸርዝ ማለት ድምፁን በሰከንድ 192,000 ጊዜ መለካት ነው። የጤናማ ወጣት ጆሮ የሚሰማው ግን ቢበዛ እስከ 20,000 ኸርዝ ነው፤ ዕድሜ ሲገፋ ይህም ይቀንሳል። የሲዲው 44,100 ልኬት እስከ ግማሹ፣ ማለትም እስከ 22,050 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ይይዛል። 24 ቢት ለሚቀዳና ለሚያቀናብር ሰው በእርግጥ ይጠቅማል፤ ለሚያዳምጥ ሰው ግን 16 ቢት ይበቃዋል። ከሲዲ በጥንቃቄ የተዘጋጀ የ256 ወይም የ320 ኪሎቢት ኤምፒ3ንም ቢሆን፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳይነገረው ከዋናው የሚለይ አድማጭ ጥቂት ነው። ለውድ ገመድ የሚወጣው ገንዘብ ለድምፅ ማጉያ ቢውል ልዩነቱ ወዲያው ይሰማል።

«ድምፁ ከፍ ያለው ፋይል ጥራት አለው» የሚለውም የዚሁ ዘመድ ነው። ጆሮ ከፍ ያለውን መውደዱ እውነት ነው፤ ግን ከፍታና ጥራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዘፈኖቹ አንዱ ጮሆ አንዱ ዝግ ብሎ የሚያስቸግር ከሆነ ሪፕሌይጌን የሚባለው ዘዴ አለ፤ የእያንዳንዱን ከፍታ ለክቶ በመረጃው ክፍል ይጽፋል፣ ማጫወቻውም እሱን አይቶ ያስተካክላል፣ ድምፁ ራሱ አይነካም።

«የፋይሉ ስም ካለ ይበቃል»

በእኛ ስብስቦች ላይ ከድምፅ ጉድለት ይልቅ እጅግ ያሳዘነኝ የስም መጥፋት ነው። «ትራክ 01»፣ «ምርጥ የድሮ»፣ «አዲስ ፎልደር 7»። ዘፈኑ ይጫወታል፤ ማን እንደዘፈነው፣ ማን እንደገጠመው፣ የትኛው ባንድ እንዳጀበው ግን የለም። የሚያውቁት ሰዎች በሕይወት ሳሉ ካልተጻፈ ደግሞ በኋላ የሚጠየቅ አይኖርም።

ስሙ መጻፍ ያለበት በፋይሉ ውስጥ በተዘጋጀው የመረጃ ክፍል፣ ታግ በሚባለው ላይ ነው፤ ፋይሉ ስሙ ቢቀየር ወይም ወደ ሌላ ኮምፒውተር ቢሄድ መረጃው አብሮት ይጓዛል። «ታግ አማርኛ አይቀበልም» የሚባለው ስህተት ነው። የመጀመሪያው የኤምፒ3 ታግ በእርግጥ ለርዕስ 30 ባይት ብቻ ነበረው፤ የግዕዝ ፊደልም አልታሰበበትም። ፊደላችን ግን የዓለምን ፊደላት ለኮምፒውተር በአንድ ሥርዓት በሚቆጥረው በዩኒኮድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1999 ገብቷል፤ የኋለኞቹ የታግ ዓይነቶችም ዩኒኮድን ይቀበላሉ። የመኪናው ማጫወቻ ጥያቄ ምልክት ወይም ባዶ ሣጥን ካሳየ ብዙውን ጊዜ ፊደሉ የሌለው ማጫወቻው ነው፤ ፋይሉ አልተበላሸም። ለመኪናው ሲባል ዋናውን ስም ማጥፋት አያስፈልግም፤ በፍላሽ ዲስኩ ላይ ያለውን ቅጂ ብቻ በላቲን መጻፍ ይቻላል። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የአማርኛ ፕሮግራሞች የተጻፉ ስሞች ደግሞ ዛሬ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ሆነው ይታያሉ፤ የተጻፉበት ፕሮግራም ከታወቀ መቀየሪያ ሊገኝላቸው ይችላል፤ ካልታወቀ ግን ባለቤቱ በቃሉ እያስታወሰ እንደገና ይጻፋቸው።

ሁለተኛው ችግር የአጻጻፍ ነው። ለእኛ ገሠሠና ገሰሰ አንድ ናቸው፤ ማሕሙድና ማህሙድም አንድ ናቸው። ለኮምፒውተር ግን ሠ እና ሰ፣ ሕ እና ህ ፈጽሞ የተለያዩ ፊደላት ስለሆኑ አንዱን ድምፃዊ ሁለትና ሦስት ሰው አድርጎ ይደረድራቸዋል። በላቲን ሲጻፍማ የአንድ ሰው ስም በአምስት ዓይነት ይገኛል፤ የፈረንሳይ አሳታሚዎች አንድ ዓይነት፣ የአሜሪካዎቹ ሌላ ዓይነት ይጽፉታል። ለእያንዳንዱ ድምፃዊ አንድ አጻጻፍ መርጦ መጽናት ነው። ኤምፒ3ታግ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም የመቶ ፋይሎችን ስም በአንድ ጊዜ ማስተካከል ይቻላል።

«ስሙን እንደ ፈረንጅ በአባት ስም ልደርድረው» የሚሉም አሉ። ሙላቱ አስታጥቄን «አስታጥቄ፣ ሙላቱ» ብሎ ማስቀመጥ ለእኛ ትርጉም የለውም፤ የአባት ስም የቤተሰብ ስም አይደለም። ይህ ግልባጭ ከውጭ የመረጃ ቋት በራሱ መጥቶ ከገባ ያለ ስስት ይሰረዝ።

ዓመተ ምሕረቱም እንዲሁ ነው። ካሴቱ ላይ 1985 ዓ.ም. የሚል ካለ በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1992 ወይም 1993 ነው። ማጫወቻዎች የዓመቱን ሳጥን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሚያነቡ ሁለቱ ከተቀላቀሉ ቅደም ተከተሉ ይፋለሳል። በዓመቱ ቦታ የአውሮፓውያኑን፣ በአስተያየቱ ቦታ ሽፋኑ ላይ የተጻፈውን ማኖር ይሻላል። ሌላም ወጥመድ አለ። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ሥራ ባስጀመሩት አምሃ ሪከርድስ በሸክላ የወጡ ብዙ ዘፈኖች፣ ቡዳ ሙዚክ የተባለው የፈረንሳይ አሳታሚ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ባወጣቸው ስብስቦች ውስጥ እንደገና ታትመዋል። ከእነዚህ ሲዲዎች የመጣ ፋይል የስብስቡን ዓመት ይዞ ይመጣል፤ ሳያውቅ የሚያዳምጥ ልጅም የንጉሡን ዘመን ዘፈን የ1990ዎቹ ሥራ አድርጎ ይረዳዋል። ታግ ዘፈኑ መጀመሪያ ለታተመበት ዓመት የተለየ ቦታ ስላለው እሱን መሙላት ያስፈልጋል።

የካሴት ሽፋኖቻችን ለእያንዳንዱ ዘፈን ግጥም፣ ዜማና ቅንብር የማን እንደሆነ ይጽፉ ነበር። ይህን ያህል ዝርዝር በየካሴቱ ማግኘታችን ትልቅ ነገር ነው። ሽፋኑን ፊትና ጀርባውን ፎቶ አንሥቶ ከዘፈኖቹ ጋር በአንድ ፎልደር ማስቀመጥ ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል። እባካችሁ ካሴቱን ከመጣላችሁ በፊት ይህችን አድርጉ።

«ካሴቱን እንደምንም ላስገባው፤ ሶፍትዌር ያጸዳዋል»

ሶፍትዌር የሚያጸዳው ጥቂቱን ነው፤ ሲያጸዳም ከሹክሹክታው ጋር የድምፃዊውን ትንፋሽ ይወስዳል። ሥራው ያለው ከዚያ በፊት ነው። የቴፑን ሄድ፣ ማለትም ካሴቱን የሚያነበውን ክፍል፣ በአልኮል ማጽዳት፣ ካሴቱን አንድ ጊዜ እስከ ጫፍ አጠንጥኖ መመለስ፣ ገመዱን በኮምፒውተሩ የማይክ ቀዳዳ ሳይሆን ለመስመር ድምፅ በተዘጋጀው መግቢያ ላይ መሰካት። የማይክ መግቢያ እጅግ ደካማ ድምፅን ለማጉላት የተሠራ ስለሆነ የቴፑን ድምፅ ያፈነዳዋል። ላፕቶፑ የመስመር መግቢያ ከሌለው በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ መሣሪያ ያስፈልጋል። ከፍታው ኮምፒውተሩ ሊቀዳ ከሚችለው ጣሪያ 6 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ገደማ ዝቅ ብሎ ይቀዳ፤ ጣሪያውን ነክቶ የተቆረጠ ድምፅ አይጠገንም። ከዚያም ያልተነካው ቅጂ ይቀመጥ፤ ማጽዳቱ በሌላ ቅጂ ላይ ይሠራ። የዛሬ አሥር ዓመት የተሻለ የማጽጃ ዘዴ ሲመጣ የሚያስፈልገው ያልተነካው ነው።

ማኅሌት ወይም ሌላ ረጅም ሌሊት የሚቀዳ ሰው አንድ ነገር ይወቅ። ድምፅ ሳይጨመቅ የሚቀዳበት የተለመደው የዌቭ ፋይል ከ4 ጊጋባይት ማለፍ አይችልም። በ24 ቢትና በ96 ኪሎኸርዝ ሲቀዳ ይህ መጠን በሁለት ሰዓት ጥቂት አልፎ ይሞላል፤ በሲዲ ልክ ሲቀዳ ግን ከስድስት ሰዓት ተኩል በላይ ይቆያል።

«ኢንተርኔት ላይ ሁሉም ስላለ ማስቀመጥ አያስፈልግም»

ሁሉም የለም። ያለውም በአሳታሚና በድርጅት ውል ላይ የቆመ ነው፤ ውሉ ሲያበቃ ዘፈኑ ይነሣል። ቤት ያለውን ስብስብ በሌላ ክፍል ወይም በስልክ ለማዳመጥም የኢንተርኔት ክፍያ አይጠይቅም። ጄሊፊን ወይም ናቪድሮም የሚባሉትን ነፃ ፕሮግራሞች በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ከጫኑ የቤቱ ዋይፋይ ብቻ ይበቃል፤ የኢንተርኔት መስመሩ ቢቋረጥም ዘፈኑ አይቋረጥም።

«ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ ስላስቀመጥኩት አስተማማኝ ነው»

ዘፈኑ ያለው እዚያ ላይ ብቻ ከሆነ ያው አንድ ቅጂ ነው፤ ቦታውን ለወጠ እንጂ። ሃርድ ዲስክ ይወድቃል፣ ይደርቃል፣ መብራት በድንገት ሲጠፋ እየተጻፈ ያለው ፋይል ይጎዳል። ፍላሽ ዲስክ ለማጓጓዝ እንጂ ለዓመታት ለማኖር አልተሠራም። ቤት ውስጥ በኮምፒውተር የተቀዳ ሲዲም ቀለሙ በሙቀትና በፀሐይ እየደበዘዘ ሳይነበብ ይቀራል። ከኮምፒውተሩ ጋር በራሱ የሚመሳሰል የኢንተርኔት ማስቀመጫም ብቻውን አይበቃም፤ እዚህ በስህተት የተሰረዘው እዚያም ይሰረዛልና።

ቢያንስ ሁለት ዲስክ ይኑር፤ አንዱ ከቤት ውጪ፣ ለምሳሌ በእህት ወይም በወንድም ቤት ይቀመጥ። ዲስኩ ከመነቀሉ በፊት በኮምፒውተሩ ላይ «ኢጀክት» በሚለው ትእዛዝ በሥርዓት ይሰናበት። የፍላክ ፋይል ደግሞ በራሱ ውስጥ የድምፁን የማረጋገጫ ቁጥር ስለሚይዝ፣ ፎልደሩን በሙሉ አንድ በአንድ አስፈትሾ የትኛው ፋይል እንደተበላሸ ማወቅ ይቻላል። በዓመት አንድ ጊዜ ይህን ማድረግ በቂ ነው፤ ስህተት የታየበት ፋይል ከሁለተኛው ዲስክ ላይ ይተካል።