የሕፃናት የሕመም ታሪክ አወሳሰድና የአካል ምርመራ በአዲስ አበባ

የሕመም ታሪክ መውሰድና የአካል ምርመራ፣ በዎርድ ቋንቋ «ሂስትሪ» እና «ፊዚካል»፣ ከላቦራቶሪና ከራጅ በፊት የሚሠሩ ሁለት ሥራዎች ናቸው። በመሀል አዲስ አበባ ለዚህ ሙያ ስመ ጥር የሆነው ትምህርት ቤት የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሕፃናት ሕክምና ክፍል ነው።

በከተማዋ የዘመናዊ ሕፃናት ሕክምና ጅማሮ በ1950ዎቹ መገባደጃ (እ.ኤ.አ.) ከተቋቋመው የኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ክሊኒክ ጋር ተያይዞ ይነሳል። ብዙ ኢትዮጵያዊ ያደገበት ፋፋ የተገኘውም ከዚያው ትብብር ነው። የሕክምና ፋኩልቲው በ1964፣ ጥቁር አንበሳ ደግሞ በ1972 (እ.ኤ.አ.) ሥራ ጀመሩ። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተቀናጀ የሕፃናት ሕክምና መመሪያ መጣ።

ታሪክ የሚጀምረው ከዕድሜ ነው፤ ብዙው ስህተትም የሚፈጠረው እዚሁ ላይ ነው። እናት የምትናገረው በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ነው፤ ቻርቱ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በፈረንጆቹ ነው። «ጥር» ያለችውን በቀጥታ ጃንዋሪ ብሎ የጻፈ፣ ጥር 1 ብዙውን ጊዜ ጃንዋሪ 9 ላይ ስለሚውል፣ የጨቅላውን ዕድሜ በሳምንት ያፋልሳል። ቀኑን በክርስትና የሚቆጥሩ እናቶችም ብዙ ናቸው። «ክርስትና በተነሳ በሳምንቱ ሳል ጀመረው» ሲባል ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ስለሚጠመቁ፣ ወንዱ 47 ቀን ገደማ፣ ሴቷ 87 ቀን ገደማ ሆኗቸው ነበር ማለት ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ ከ2 ወር በታች ፈጣን አተነፋፈስ የሚባለው በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ ነው፣ ከ2 እስከ 12 ወር 50፣ ከዚያ እስከ 5 ዓመት 40።

ቀጥሎ የሚጠየቁት አራቱ የአደጋ ምልክቶች ናቸው፦ መጥባት ወይም መጠጣት አለመቻል፣ የወሰደውን ሁሉ ማስመለስ፣ መንቀጥቀጥ፣ መደንዘዝ ወይም ራስን መሳት። እዚህ ላይ የጥያቄው አጠያየቅ መልሱን ይለውጠዋል። «አንቀጠቀጠው» የትኩሳት ብርድም፣ የአንጎል መናወጥም (ከአንጎል የሚነሳ መንዘፍዘፍ) ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ «ዓይኑ ተገለበጠ? እጁን ስትይዢው ቆመ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ሲይዙት የሚቆም ከሆነ መናወጥ የመሆን ዕድሉ ይቀንሳል። «ጡት ብቻ ነው የሚጠባው?» ሲባል ሁሉም እናት «አዎ» ትላለች፤ ውሃ፣ ጤና አዳም፣ አብሽ፣ ቅቤ እያሉ አንድ በአንድ መጠየቅ ግን እውነቱን ያወጣል። እንጥል ማስቆረጥም ሳይጠየቅ አይነገርም። «ለእንጥሉ ምን አደረጋችሁለት?» የሚለው አነጋገር ከወቀሳ የራቀ ስለሆነ መልስ ያስገኛል፤ መልሱም ደም ማነሱን ወይም የደም መመረዙን ሊያብራራ ይችላል።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ወባ አስተላላፊ ከተማ አይደለችም። ስለዚህ ትኩሳት ያለበትን ሕፃን ቤተሰብ «ባለፈው አንድ ወር ቆላ ወርዶ ነበር?» ብሎ መጠየቅ የግድ ነው። የክትባት ካርድ ከቃል ይበልጣል፤ ካርዱ ከጠፋ የቢሲጂ (የሳንባ ነቀርሳ ክትባት) ጠባሳ ክንድ ላይ ይፈለጋል።

ምርመራው እጅ ሳይነካ ይጀመራል። ልጁ እናቱ እቅፍ ላይ እያለ፣ ተረጋግቶ ወይም ተኝቶ፣ ሸሚዙ ከፍ ተደርጎ እስትንፋሱ አንድ ደቂቃ ሙሉ ይቆጠራል። በ30 ሰከንድ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት የተለመደ ስህተት ነው፤ የጨቅላ አተነፋፈስ ወጣ ገባ ስለሆነ ያሳስታል። ስቴቶስኮፑ በመዳፍ ይሞቃል። ማተብና ክታብ አይበጠሱም፤ እናቲቱ ራሷ ገለል ታደርገዋለች።

ክብደት የሚለካው ልብሱ ወልቆ፣ ሚዛኑ ዜሮ ላይ መሆኑ ታይቶ ነው። የክንድ ዙሪያ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት በግራ ክንድ፣ በትከሻና በክርን መሀል ይለካል፤ ከ11.5 ሳንቲ ሜትር በታች ከባድ የምግብ እጥረት ነው። እብጠት ሁለቱንም እግር በአውራ ጣት 3 ሰከንድ ተጭኖ፣ ጎድጓዳው ሲቀር ይረጋገጣል። ቆዳ ተቆንጥጦ ከ2 ሰከንድ በላይ ሲዘገይ ከባድ የውሃ እጥረት ሊያመለክት ይችላል፤ እጅግ የከሳ ልጅ ላይ ግን ያለ ውሃ እጥረትም ይዘገያል፣ ስለዚህ ብቻውን አይታመንም። እርግብግቢት ሕፃኑ ቀና ብሎ፣ ሳያለቅስ ይዳሰሳል። ጉበት ከቀኝ ታችኛው ሆድ ተነስቶ ወደ ላይ ይፈለጋል፤ ከጎድን አጥንት የጀመረ ትልቁን ጉበት ያልፈዋል።

የእጅ አንጓ መስፋትና የጎድን አጥንት እንደ መቁጠሪያ መደርደር የሪኬትስ፣ ማለትም ብዙ ጊዜ ከፀሐይ በሚገኘው ቫይታሚን ዲ እጥረት የሚመጣ የአጥንት መልፈስፈስ፣ ምልክቶች ናቸው። በፀሐይዋ አዲስ አበባ በሽታው መታየቱ ግራ ያጋባል። አብዛኛው ባለሙያ ሕፃናትን ከፀሐይ ሸፍኖ ማሳደግን ይጠቅሳል፤ አንዳንዶች የካልሲየም እጥረትም ድርሻ አለው ይላሉ። ኦክስጅን የሚሰጠው በደም ውስጥ ያለው የኦክስጅን ሙሌት ከ90 በመቶ መስመር ሲወርድ ነው፤ በደጋ ከተማ መስመሩ ዝቅ ይበል አይበል የሚለው ግን ያከራክራል።

ጆሮና ጉሮሮ መጨረሻ ላይ ይታያሉ፤ ከእነሱ በኋላ ሌላ ምርመራ የሚፈቅድ ልጅ የለም። የጨቅላ ጆሮ ወደ ታችና ወደ ኋላ፣ የትልቁ ወደ ላይና ወደ ኋላ ይሳባል። ልጁ አየር ሲስብ ሻካራ ድምፅ እያሰማ ምራቁ እየተዝረከረከ ከሆነ ምላሱ በስፓቱላ አይጫንም፤ የአየር ቧንቧው ባንዴ ሊዘጋ ይችላልና ልጁ በእናቱ እቅፍ እንደተቀመጠ ሰመመን ሰጪ ባለሙያ ይጠራል።