ስማርት ምንድን ነው? ዩዝድ ሀርድ ዲስክ ከመግዛት በፊት የሚነበበው መዝገብ

ጅማ ላይ ላፕቶፑ መንቀርፈፍ የጀመረ ሰው የሚሰማው ምክር ያው ነው፤ "ሀርድ ዲስኩን ቀይረው።" ምክሩ ብዙ ጊዜ ልክ ነው። ጭንቀቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ዲስኩ መርካቶ ካለ ሱቅ ይገዛል፣ ወይም አዲስ አበባ ላለ ነጋዴ በቴሌግራም ታዞ በአውቶቡስ ይመጣል። አዲሱ ስለሚወደድ ብዙ ሰው የሚገዛው ዩዝድ ነው። ሻጩ "ንጹህ ነው፣ ምንም የለበትም" ይላል። ገዢው ደግሞ ከማመን ውጪ ምርጫ ያለው አይመስለውም። ግን አለው። እዚያው ዲስኩ ውስጥ የተጻፈ መዝገብ አለ። ስሙ ስማርት ነው።

ስማርት ሀርድ ዲስክ ወይም ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ዲስክ) ስለ ራሱ የሚይዘው መዝገብ ነው። ስንት ሰዓት እንደሠራ፣ ስንት ጊዜ እንደተከፈተ፣ ምን ያህል እንደሞቀ፣ ስንት ቦታው እንደተበላሸ ይቆጥራል። የሚቆጥረው ዊንዶውስ አይደለም፤ ዲስኩ ላይ ያለው ሰርኪዩት ነው። ስለዚህ ፎርማት ቢደረግ፣ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ቢጫን፣ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ቢዛወር መዝገቡ አብሮት ይሄዳል። ዩዝድ መኪና የሚገዛ ሰው ኪሎ ሜትሩን ሳያይ ብር አይቆጥርም። ዩዝድ ዲስክ የሚገዛም ስማርቱን ሳያይ መክፈል የለበትም።

ነገሩ የትናንት አይደለም። አይቢኤም ዲስክ ከመበላሸቱ በፊት የሚጠቁም አሠራር ያወጣው በ1992 እ.ኤ.አ. ነው። በ1995 ኮምፓክ የራሱን ይዞ መጣ፤ ከዚያ አምራቾች የተስማሙበት የጋራ ደረጃ ሆነ። ዛሬ ገበያ ላይ የምታገኙት ዲስክ ሁሉ አለው ማለት ይቻላል።

ለማንበብ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ይበቃል። ሳይጫን የሚሠራው ዓይነት ስላለ በፍላሽ ይዛችሁ ሱቅ መሄድ ትችላላችሁ። ዲስኩን በዩኤስቢ ማገናኛ ከላፕቶፕ ጋር አያይዙና ክፈቱት። አንዳንድ ርካሽ ማገናኛ ስማርትን አያሳልፍም፤ ባዶ ካሳያችሁ በሌላ ሞክሩ። ፕሮግራሙ ከላይ የሚያሳየው የጤና ምልክት ሰማያዊ ከሆነ ደህና፣ ቢጫ ከሆነ ጥንቃቄ፣ ቀይ ከሆነ አልቆለታል ማለት ነው። ሰማያዊውን ብቻ አይቶ መሄድ ግን አይበቃም። ከታች ያሉትን ቁጥሮች ማየት ያስፈልጋል።

ቁጥሮቹ መጀመሪያ የሚታዩት በ16 ቤት አቆጣጠር ነው፤ ከ9 በኋላ ከኤ እስከ ኤፍ ያሉ ፊደሎችን ይጠቀማል። መጨረሻው ላይ "ሲ8" የሚል ካያችሁ 200 ማለት ነው። ፈንክሽን፣ ከዚያ አድቫንስድ ፊቸር፣ ከዚያ ሮው ቫልዩስ ገብታችሁ 10 የሚለውን ብትመርጡ በለመድነው ቁጥር ይመጣል።

እያንዳንዱ መስመር የራሱ መለያ ቁጥር አለው። ዋናዎቹ 5 እና 197 ናቸው። ፕሮግራሙ 197ን "ሲ5" ብሎ ነው የሚጽፈው። የዲስክ ገጽ ሴክተር በሚባሉ ትንንሽ ክፍሎች የተከፋፈለ ነው። በድሮዎቹ አንዱ ሴክተር 512 ባይት ይይዛል፤ በአዳዲሶቹ በአብዛኛው 4096። ዲስኩ አንዱን ሴክተር ማንበብ ሲያቅተው ወዲያው አይጥለውም። ደጋግሞ ይሞክራል። ፋይል ስትከፍቱ ላፕቶፑ ስታክ አድርጎ ደቂቃ ሙሉ የሚያስጠብቃችሁ አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው። ካልተሳካለት ሴክተሩን ተጠርጣሪ ብሎ ይመዘግበዋል። 197 የሚቆጥረው እነዚህን ነው። በኋላ እዚያ ሴክተር ላይ አዲስ ነገር ሲጻፍ እንደገና ይፈተናል። ከሠራ ከዝርዝሩ ይወጣል። ካልሠራ ፋብሪካው በትርፍነት ካስቀመጣቸው ሴክተሮች አንዱ ይተካዋል። ይህ ምትክ ቁጥር 5 ላይ ይደመራል።

ጥገና ቤት ውስጥ በየጊዜው የሚሰማ ጥያቄ አለ፤ "ወንድሜ፣ ፎርማት ብታደርገው አይድንም?" መልሱ እዚሁ ነው። ፈጣኑ ፎርማት ሴክተሮቹን አይነካቸውም። ሙሉው ፎርማት ሁሉም ላይ ስለሚጽፍ 197ን ወደ ዜሮ ሊመልሰው ይችላል። ሻጭም ይህን ካደረገ በኋላ "ጠግኜዋለሁ" ሊላችሁ ይችላል። ቁጥር 5 ግን አይመለስም። 197 ዜሮ ሆኖ 5 ላይ 300 ካያችሁ፣ ዲስኩ 300 ሴክተር አጥቶ ተክቷል ማለት ነው። እኔ እንዲህ ያለውን በግማሽ ዋጋም አልገዛም። 198 ("ሲ6") ጨርሶ ሊነበቡ ያልቻሉ ሴክተሮችን ይቆጥራል፤ እዚያ ላይም ቢሆን ከዜሮ በላይ ካለ ተዉት።

አንድ የሚያስደነግጥ ነገር ላንሳ። የሲጌት ዲስክ ላይ 1 እና 7 አጠገብ በሚሊዮን የሚቆጠር ቁጥር ይታያል። በዚያ ብቻ ደህና ዲስክ የሚመልስ ሰው አለ። የሲጌት አቆጣጠሩ ነው እንጂ ብልሽት አይደለም፤ ዝለሉት።

ቀጥሎ 9 አለ፤ የሠራበት ሰዓት ነው። አንድ ዓመት 8,760 ሰዓት ነው። በቀን 8 ሰዓት የሚሠራ የቢሮ ኮምፒውተር በዓመት ወደ 2,000 ሰዓት ይሞላል። እንግዲህ "ብዙም አልተሠራበትም" የተባለ ዲስክ 30,000 ሰዓት ካሳየ አስቡት። አጠገቡ 12ን ("0ሲ") እዩ፤ ስንት ጊዜ እንደተከፈተ ይናገራል። 30,000 ሰዓት ሠርቶ የተከፈተው 60 ጊዜ ብቻ ከሆነ፣ ሳይጠፋ ለወራት ሲሠራ የኖረ ነው። ከሰርቨር ወይም ከደህንነት ካሜራ መቅጃ የወጣ ሊሆን ይችላል። ሌሎቹ ቁጥሮች ዜሮ ከሆኑ ለፊልም ማስቀመጫ ይሆናል፤ ዋጋው ግን መውረድ አለበት።

ከአዲስ አበባ ስታስመጡስ? ከሸገር ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ወሊሶንና ወልቂጤን አልፎ ግቤ በረሃ ወርዶ ይወጣል። መንገዱ ለጠፋ ዲስክ ያን ያህል አያሰጋም። ዲስኩ ሲጠፋ የሚያነበው ክንድ ቦታው ላይ ተሰብስቦ ይቀመጣል። የሚጎዳው መናኸሪያ ላይ ከአውቶቡስ ጣሪያ መወርወሩ ነው። እዚህ ላይ የስማርትን ድክመት እወቁ፤ ኤሌክትሪክ የሌለው ዲስክ ምንም አይመዘግብም። ቢወድቅም ጉዳቱ የሚታወቀው ጅማ ደርሶ ሲከፈት ነው።

ስለዚህ ሻጩ ከመላኩ በፊት ሲሪያል ቁጥሩ የሚታይበት የስማርት ፎቶ በቴሌግራም ይላክላችሁ። ዲስኩ በብርማው ከረጢት ውስጥ ገብቶ፣ በሁሉም በኩል ወፍራም ስፖንጅ ተደርጎለት፣ በካርቶን ይታሸግ። ለረዳቱም ውስጥ እንዲያስቀምጠው አደራ ይባል። ሲደርስ ሌላ ነገር ሳትነኩ ስማርቱን ክፈቱና ከፎቶው ጋር አስተያዩ። ሲሪያሉ አንድ መሆን አለበት። የተከፈተበት ብዛት በአንድ ወይም በሁለት ቢጨምር ነው። 5 እና 197 ከጨመሩ በጉዞ ላይ ተጎድቷል፤ ወይም ቀድሞም ታሞ ነበር። በቴሌብር ሙሉውን ከመክፈላችሁ በፊት "ቁጥሩ ካልገጠመ ይመለሳል" ብላችሁ በጽሑፍ ተስማሙ። በቃል የተባለ ነገር ሲካድ ማስረጃ የለውም።

መግጠሙ ራሱ ከባድ አይደለም። ላፕቶፑን አጥፉ፣ ባትሪውን አውጡ፣ በትንሿ ካቻቢቴ ብሎኖቹን ፍቱ። የአሮጌውን ውፍረት አስቀድማችሁ ለኩ፤ የላፕቶፕ ዲስክ በአብዛኛው 7 ወይም 9.5 ሚሊ ሜትር ነው። ለ7 የተሠራ ቦታ ውስጥ 9.5ቱ አይገባም። ከገጠማችሁ በኋላ 199ን ጻፉት፤ ፕሮግራሙ "ሲ7" ይለዋል። በዲስኩና በማዘርቦርዱ መካከል መረጃ ሲያልፍ የተፈጠረ ስህተት ነው። ቁጥሩ ወደ ኋላ አይመለስም፤ የሚታየው መጨመሩ ነው። በየቀኑ ከጨመረ በአብዛኛው ጥፋተኛው ኬብሉ ወይም በደንብ ያልተሰካ መሰኪያ ነው። በዚህ ምክንያት ጤነኛ ዲስክ ሲጣል ማየት ያሳዝናል።

አሁን ደግሞ ስማርት የማይችለውን ልንገራችሁ። ጉግል በ2007 እ.ኤ.አ. ከ100,000 በላይ ዲስኮችን ተከታትሎ ያገኘውን አውጥቶ ነበር። ከተበላሹት ከ56 በመቶ በላይ የሚሆኑት ጥናቱ ዋና ብሎ በያዛቸው 4 የስማርት ቁጥሮች ላይ ምንም አላሳዩም ነበር። ዝም ብለው ነው የሞቱት። በአንጻሩ ዲስኩ ራሱን ሲፈትሽ የመጀመሪያው ስህተት የተገኘበት፣ በ60 ቀን ውስጥ የመበላሸት ዕድሉ ካልተገኘበት 39 እጥፍ ነበር። ማለትም መጥፎ ቁጥር ካያችሁ እመኑት፤ ጥሩ ቁጥር ካያችሁ ግን ተማምናችሁ አትተኙ። የመመረቂያ ጽሑፉን አንድ ላፕቶፕ ላይ ብቻ የያዘ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ የሰው ሠርግ ቪዲዮ የያዘ ፎቶ ቤት፣ የቡና ሒሳቡን ኮምፒውተር ላይ ያስቀመጠ ነጋዴ፣ ስማርቱ ሰማያዊ ቢሆንም ሁለተኛ ቅጂ ያስፈልገዋል።

መዝገቡ ሊጭበረበርም ይችላል። የመኪና ኪሎ ሜትር እንደሚመለሰው ሁሉ። በ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ አውሮፓ ውስጥ ያገለገሉ የሲጌት ዲስኮች ስማርታቸው ዜሮ ተደርጎ እንደ አዲስ ሲሸጡ ተደርሶባቸዋል። የተጋለጡት ፋርም በሚባል ሌላ የሲጌት መዝገብ ነው፤ እሱ ውስጥ እውነተኛው ሰዓት ነበር። ስማርትመንቱልስ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ይህን ያነባል። 9 ላይ ዜሮ ሰዓት የሚያሳይ ግን መሰኪያው የተፋቀ፣ የብሎን ቀዳዳው የተነካ ዲስክ ካያችሁ ጠርጥሩ።

ኤስኤስዲ ከሆነ የሚታየው ሌላ ነው። የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው ዋናው ጥያቄ ምን ያህል እንደተጻፈበት ነው። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የቀረውን ዕድሜ በመቶኛ ከላይ፣ እስካሁን የተጻፈውን በጊጋባይት በስተቀኝ ያሳያችኋል። ዩዝድ ሆኖ 90 በመቶና ከዚያ በላይ የቀረው ከሆነ ደስ ብሎኝ እገዛዋለሁ። ከ70 በታች ከሆነ አዲስ 256 ጊጋባይት ስንት እንደሆነ ሳልጠይቅ አልከፍልም።