«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም»፦ ትርጉሙና የአሜሪካ ፖለቲካ

የዚህ አባባል መነሻ ወጌሻ ቤት ነው። እግሩ ወለም ያለው ሰው በሰው ተደግፎ ይመጣል። ወጌሻው ቁርጭምጭሚቱን ዳበስ ዳበስ ያደርጋል፤ ያበጠውን ያያል። ቅቤ ያስመጣል። መዳፉን ለቅልቆ ቀስ እያለ ያሻል፤ ታማሚው ጥርሱን ነክሶ ይችላል። ከዚያ በጨርቅ ጠበቅ አድርጎ ያስርለታል። ሰውየው ውሎ አድሮ በእግሩ ገበያ ይሄዳል። ለእግር ወለምታ መላ አለው፦ ቅቤና የሚያውቅ እጅ።

ሐበሻ ይህን እያየ ነው «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ያለው። አፍም እንደ እግር ያዳልጠዋል። ሰው ሲናደድ፣ ሞቅ ሲለው፣ ሲጨበጨብለት ያልመዘነው ቃል ያመልጠዋል። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ነው። ይቅርታ ይጠየቃል፣ «እንዲህ ማለቴ ነበር» ይባላል፣ ሽማግሌ ይላካል። የሰማ ጆሮ ግን ሰምቷል። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» የሚባለውም ለዚሁ ነው።

ስለ አጠቃቀሙ አንድ ነገር ልበል። አባባሉ ጥፋት ከደረሰ በኋላ ለቁጭት ይነገራል፤ ዋና ቦታው ግን ከጥፋቱ በፊት ነው። ልጅ ለሙግት ወይም ለስብሰባ ሲነሳ አባት «አፍህን ጠብቅ፣ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ይለዋል። ለባላጋራ አይባልም። የሚባለው ለገዛ ልጅ፣ ለገዛ ወንድም፣ ለገዛ ወገን ነው። ይህን ይዘን ነው ወደ አሜሪካ የምንሻገረው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

በ2024 የምርጫው ማብቂያ ላይ የሆነውን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ኦክቶበር 27 ኒውዮርክ፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ የዶናልድ ትራምፕ የምርጫ ቅስቀሳ ነበር። መድረክ የወጣ ኮሜዲያን ፖርቶ ሪኮን «ባሕር ላይ የሚንሳፈፍ የቆሻሻ ደሴት» አላት። ፖርቶ ሪኮ በአሜሪካ ሥር ያለች ደሴት ናት፤ ሕዝቧም የአሜሪካ ዜጋ ነው። የትራምፕ ዘመቻ ቀልዱ የእጩውን አመለካከት አያንጸባርቅም ብሎ ለማብረድ ሞከረ። ከሁለት ቀን በኋላ ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን ይህንኑ ቀልድ ሊያወግዙ በቪዲዮ ስብሰባ ላይ ቀረቡ። ሲያወግዙ ያንኑ «ቆሻሻ» የሚለውን ቃል አነሱና በትራምፕ ደጋፊዎች ላይ የለጠፉት መሰለ።

ከዚያ የሆነው ነው የሚያሳዝነው። ዋይት ሀውስ የንግግሩን ጽሑፍ ሲያወጣ አንዲት ጭረት (አፖስትሮፍ የምትባለውን) ጨመረባት። በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ያቺ ጭረት ስትገባ ቆሻሻ የተባለው ሕዝቡ ሳይሆን የአንድ ደጋፊ ንግግር ይሆናል። የመሥሪያ ቤቱ ንግግር መዝጋቢዎች ደግሞ እኛ የጻፍነው እንደዚያ አይደለም ብለው ተቃወሙ። ያቺ ጭረት ቅቤ መሆኗ ነበር። አላሸችም። በማግስቱ ትራምፕ ዊስኮንሲን፣ ግሪን ቤይ ውስጥ አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሰው ቆሻሻ መኪና ላይ ተቀምጠው ለካሜራ ታዩ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለቱም ወገን በአንድ ቃል ተሰናከለ። ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ሕክምና፣ ስለ ስደተኞች ሊያወራ የሚገባው ሕዝብ ማን ማንን ቆሻሻ አለ እያለ ሰነበተ።

«ድሮ እንዲህ አልነበረም» የሚል ሰው ካለ 1856ን ያንብብ። ቻርልስ ሰምነር የማሳቹሴትስ ሴናተር ነበር። ባርነት ወደ ካንሳስ እንዳይስፋፋ ሜይ 19 እና 20 ለሁለት ቀን በሴኔቱ ተናገረ። የቆመለት ጉዳይ ትክክል ነበር፤ በዚህ ላይ አላመነታም። መሃል ላይ ግን የሳውዝ ካሮላይናውን ሴናተር አንድሩ በትለርን ለብቻ መዘዘው። ባርነትን እንደ ውሽማ ይዟል አለው። በአነጋገሩ ችግር ሳይቀር ተሳለቀበት። በትለር በቦታው አልነበረም።

ሜይ 22 የበትለር ዘመድ የሆነው የተወካዮች ምክር ቤት አባል ፕሬስተን ብሩክስ ከዘራውን ይዞ ሴኔት ገባ። ሰምነር ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይጽፋል። ብሩክስ ራሱን በከዘራ መምታት ጀመረ። ጠረጴዛው ወለሉ ላይ የታሰረ ስለነበር ሰምነር እግሩን ማውጣት አቃተው፤ ሲታገል ጠረጴዛውን ነቀለው። ከዘራው እስኪሰባበር ተመታ። «ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ግን ይሰብራል» የሚለው አባባል በአንድ አገር ምክር ቤት ውስጥ እንዲህ ቃል በቃል ሲፈጸም አላውቅም።

ዱላውን ያነሳው ብሩክስ ነው፤ ጥፋቱም የእሱ ነው። ማንም ስለተናገረ አይመታም። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ከዱላው በኋላ የመጣው ነው። ብሩክስ 300 ዶላር ተቀጣ። ከምክር ቤት ለማባረር የሚያስፈልገው ድምፅ ሳይገኝ ቀረ። በራሱ ፈቃድ ለቀቀና መራጮቹ መልሰው መረጡት። በዚያ ላይ ደጋፊዎቹ በተሰበረው ምትክ አዳዲስ ከዘራ በስጦታ ላኩለት። ማሳቹሴትስ በበኩሉ የሰምነርን ወንበር ለሌላ አልሰጥም ብሎ ሦስት ዓመት ያህል ባዶውን አቆየው። በ1861 የእርስ በርስ ጦርነቱ ጀመረ። የጦርነቱ ምክንያት ባርነት ነው፤ አንድ ንግግር አይደለም። ግን የገዛ ወገኑን ዱላ በከዘራ ስጦታ የሚያሞግስ ሕዝብ «ተው» የሚል ሰው አጥቷል ማለት ነው።

«ተው» ያለ ሰውም ታይቷል። በፌብሩዋሪ 1950 የዊስኮንሲኑ ሴናተር ጆሴፍ ማካርቲ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ በኮሚኒስቶች ተሞልቷል ብለው ተነሱ። ያለ በቂ ማስረጃ የሰው ስም መጥራት ሥራቸው ሆነ። ማካርቲ ሪፐብሊካን ነበሩ። ጁን 1 ቀን 1950 በሴኔቱ ተነስተው የተቃወሟቸው ማርጋሬት ቼዝ ስሚዝም ሪፐብሊካን ነበሩ። ከሜይን ግዛት የመጡ፣ በዚያን ጊዜ በሴኔቱ የነበሩ ብቸኛ ሴት። ፓርቲዬ በፍርሃት፣ በድንቁርና፣ በጭፍን ጥላቻና በስም ማጥፋት ጀርባ ላይ ተቀምጦ ሥልጣን ላይ ሲወጣ ማየት አልፈልግም አሉ። ስድስት ሴናተሮች አብረዋቸው ፈረሙ። ማካርቲ «ስኖው ዋይትና ስድስቱ ድንኮች» ብለው አፌዙባቸው። ያኔ ሌላው ዝም አለ።

ዝምታው የተሰበረው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ጁን 9 ቀን 1954 በቴሌቪዥን በሚተላለፍ የምርመራ ችሎት ላይ ማካርቲ በቦታው የሌለ አንድ ወጣት ጠበቃን ስም አነሱ። የወጣቱ አለቃ፣ የጦር ሠራዊቱ ጠበቃ ጆሴፍ ዌልች፣ ተው ቢሏቸውም ቀጠሉ። ዌልች ያኔ «ለመሆኑ ጌታዬ፣ ጨዋነት የሚባል ነገር ጨርሶ አልቀረዎትም?» ብለው ጠየቁ። አዳራሹ አጨበጨበ። በዲሴምበር 2 ሴኔቱ ማካርቲን በ67 ለ22 ድምፅ ነቀፈ። ብዙ ሰው የዌልችን ጥያቄ ነው የሚያስታውሰው። ለእኔ ግን የሚበልጠው የማርጋሬት ቼዝ ስሚዝ ንግግር ነው። ዌልች የተናገሩት የሚከላከሉት ሰው ተነክቶባቸው ነው። ስሚዝ የተናገሩት በገዛ ቤታቸው፣ ገና ማካርቲ በሚፈሩበት ሰዓት ነው።

አሁን ወደ እኛ ዘመን። ሴፕቴምበር 9 ቀን 2009 ባራክ ኦባማ ስለ ጤና መድን ለሁለቱ ምክር ቤቶች ሲናገሩ የሳውዝ ካሮላይናው ሪፐብሊካን የምክር ቤት አባል ጆ ዊልሰን ከመቀመጫቸው «ትዋሻለህ!» ብለው ጮኹ። በዚያው ምሽት ይቅርታ ጠየቁ፤ ኦባማም ተቀበሉ። የተወካዮች ምክር ቤትም በ240 ለ179 ድምፅ ድርጊቱን እንደማይቀበል አስታወቀ። ይህ ሁሉ ደንቡ ነው። ግን በቀናት ውስጥ ለዊልሰን ዘመቻ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጎረፈ። ለተቀናቃኛቸውም እንዲሁ።

እዚህ ላይ ነው አባባላችን የሚፈተነው። አባቶች ወለም ያለው ሰው ያመዋል፣ ያፍራል ብለው ነው የተናገሩት። በዛሬው የአሜሪካ ፖለቲካ ወለምታው ገቢ ያስገኛል። ስድብ በስልክ ይሰራጫል፣ ለደጋፊ «ገንዘብ ላክ» የሚል መልእክት ይሆናል፣ የተሰደበውም ወገን በዚያው ስድብ ገንዘብ ይሰበስባል። የሚያሳፍር ነገር ትርፍ ካመጣ ማን አፉን ይጠብቃል?

ውጤቱ በሕዝቡ ላይ ይታያል። ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል በ2016 ሲጠይቅ ከሪፐብሊካን 47 በመቶው፣ ከዴሞክራት 35 በመቶው የሌላውን ፓርቲ ሰዎች ከሌላው አሜሪካዊ ይልቅ ምግባረ ብልሹ ናቸው ብሎ ነበር። በ2022 ቁጥሩ 72 እና 63 በመቶ ደረሰ። ይህ የሐሳብ ልዩነት አይደለም። ጎረቤትህን «ሰው አይደለህም» ለማለት አንድ ሐሙስ የቀረው ነው።

ዳፋው ደግሞ ፖለቲካ ውስጥ ለሌለው ይተርፋል። ሴፕቴምበር 10 ቀን 2024 በተደረገው ክርክር ትራምፕ ኦሃዮ፣ ስፕሪንግፊልድ ያሉ የሄይቲ ስደተኞች የሰው ውሻና ድመት ይበላሉ አሉ። የከተማዋ ባለሥልጣናት የሚታመን ማስረጃ የለም ብለው ነበር። ከዚያ በኋላ በደርዘን የሚቆጠር የቦምብ ዛቻ መጣ። ትምህርት ቤቶችና የከተማው አስተዳደር ሕንፃ ባዶ እንዲሆኑ ተደረገ። ከስፕሪንግፊልድ ወደ ኮሎምበስ የአንድ ሰዓት መንገድ ያህል ነው፤ ኮሎምበስ ደግሞ ብዙ ሐበሻ የሚኖርባት ከተማ ናት። የሄይቲ ልጅ ከትምህርት ቤት በቦምብ ዛቻ ሲወጣ ነገሩ የእኛ አይደለም የሚል ወላጅ ያለ አይመስለኝም። የግዛቱ አስተዳዳሪ ማይክ ደዋይን ሪፐብሊካን ናቸው፤ የተወለዱትም እዚያችው ስፕሪንግፊልድ ነው። ትራምፕን መደገፋቸውን ሳይተዉ ወሬው ሐሰት ነው ብለው በአደባባይ ተናገሩ፤ ፖሊስ ወደ ትምህርት ቤቶቹ ላኩ። ሄይቲዎቹ ሊሠሩ የመጡ ሰዎች ናቸው አሉ። ፓርቲውን ሳይለቁ ሐሰቱን ሐሰት ማለት ይቻላል፤ ይህን አሳይተዋል።

በዚህ ረገድ የሪፐብሊካን እጩ ሆነው ከኦባማ ጋር የተወዳደሩት ጆን ማኬይን ኦክቶበር 10 ቀን 2008 ሚኒሶታ፣ ሌክቪል ያደረጉት አይረሳኝም። አንዲት ደጋፊያቸው ኦባማን አላምነውም፣ ዓረብ ነው ማለት ስትጀምር ማይክሮፎኑን ተቀበሏት። «አይደለም እመቤት። ጨዋ የቤተሰብ ሰው ነው፣ ዜጋ ነው፤ በመሠረታዊ ጉዳዮች የማንስማማ ሰዎች ነን እንጂ» አሉ። መልሱ ክፍተት ነበረበት። ዓረብም ጨዋ የቤተሰብ ሰው ነው፤ ያንን ማለት ነበረባቸው። ግን ምርጫው ሊደርስ ሦስት ሳምንት ተኩል ሲቀር፣ በገዛ ደጋፊዎቻቸው መሃል፣ ከዚያው መድረክ ኦባማን አትፍሩት ሲሉ ጩኸት እየተቀበላቸው ነው የተናገሩት።

ሌላ ምሳሌ የሚፈልግ ዩታን ይይ። በ2020 ለአስተዳዳሪነት የተወዳደሩት ሪፐብሊካኑ ስፔንሰር ኮክስና ዴሞክራቱ ክሪስ ፒተርሰን አንድ ላይ ቆመው ማስታወቂያ ሠሩ። ሳንሰዳደብ መከራከር እንችላለን፣ የፕሬዚዳንታዊውን ምርጫ ውጤትም ማንም ያሸንፍ ማን እንቀበላለን አሉ። ኮክስ አሸነፉ። ዩታ ሪፐብሊካን የበዛባት ግዛት ስለሆነች ለኮክስ ቀላል ነበር የሚሉ አሉ። ይሁን። ፒተርሰን ግን የማሸነፍ ዕድላቸው በጣም ጠባብ ሆኖ ሳለ ነው ከተቀናቃኛቸው ጎን የቆሙት።