የረሃቡ ሥዕል፦ የእሸቱ ጥሩነህ ሥራና ደሴ

ሠዓሊ እሸቱ ጥሩነህ በ1966 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲመረቅ ያቀረበው ሥራ «የረሃብ ሰለባዎች» ይባላል። በወሎ ረሃብ የመነመኑ ሰዎችን ያሳያል። ፖለቲካን ፊት ለፊት ከነኩ የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሥዕሎች መካከል ቀድሞ መነሳት ያለበት ይመስለኛል።

ሥዕሉ የተሠራው መናገር በከበደበት ጊዜ ነው። በ1965 ዓ.ም. ድርቁ ሲጠና የወሎ ገበሬ ከብቱን ሸጦ፣ ልጁን አዝሎ ወደ አሥመራ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር ይሰፍር ጀመር። ጎዳናው የጠቅላይ ግዛቱን ዋና ከተማ ደሴን አቋርጦ ያልፋል፤ ስለዚህ የደሴ ሰው ችግሩን ለማወቅ ጋዜጣ አላስፈለገውም። ጋዜጣውማ በሳንሱር እጅ ነበር፤ መንግሥትም ረሃቡ እንዲወራ አልፈለገም። ዝምታውን የሰበረው ምስል ነው። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ያነሷቸውን ፎቶግራፎች በግቢያቸው ለእይታ አቀረቡ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ደግሞ የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ታየ። የእሸቱ ሥዕል የመጣው በዚያው ዓመት ነው።

ደርግ የዲምብልቢን ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር አቀናብሮ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ለሕዝብ አሳየ፤ በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋን አወረደ። ግን ያንኑ ምስል መሣሪያ ያደረገው መንግሥት ራሱ በተራው ደበቀ። ወሎዬ ዛሬም «ሰባ ሰባት» እያለ የሚያነሳው ረሃብ ኮረም ላይ ሰው ሲፈጅ አዲስ አበባ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በታላቅ ሰልፍ ታከብር ነበር። ሠዓሊም ቢሆን በዚያ ዘመን ብሩሹ የሚፈለገው ለፖስተርና ለመሪዎች ምስል ነበር። ይህ ሁለተኛው ዝምታ ከመጀመሪያው ይልቅ ያሳዝነኛል፤ ያዩ ሰዎች ናቸውና የደበቁት።

ቅድመ ሳንሱር በ1985 ዓ.ም. በፕሬስ አዋጅ ተነሳ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ሐሳብን በሥነ ጥበብ የመግለጽ መብትንም በስሙ ጠቅሶ ያረጋግጣል።

ሥዕሉ በአዲስ አበባ በብሔራዊ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ይገኛል፤ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የደሴ ሙዚየም በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ተዘርፏል። በባዶው ግድግዳ ላይ ቢያንስ የዚህ ሥዕል ጥሩ ቅጂ ሊሰቀል ይገባል፤ የተሣሉት የዚያው አገር ሰዎች ናቸው።