ዓይንም ይሰማል፦ ስለ ከተማ ድምፅ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጎንደር ውስጥ ስለ ጫጫታ ሲነሳ የሚወቀሰው ባጃጅ፣ ጡሩምባና ድምፅ ማጉያ ነው። ወቀሳው ተገቢ ነው። ነገር ግን ያው ድምፅ አንዱ ሰፈር ሲያስመርር ሌላው ሰፈር ለምን እንደሚታለፍ ማንም አይጠይቅም። መልሱ በከፊል በዓይናችን በኩል ስለሚገኝ፣ በየጊዜው የምሰማቸውን አንዳንድ አባባሎች ማረም እወዳለሁ።

«የሚሰማው ጆሮ ነው፤ ዓይን ምን አገባው?»

አንጎላችን ከዓይንና ከጆሮ የሚደርሰውን ለይቶ አያስቀምጥም፤ አዋህዶ ይተረጉመዋል። እ.ኤ.አ. በ1976 ማክገርክ እና ማክዶናልድ የተባሉ ተመራማሪዎች «ጋ» የሚሉ ከንፈሮችን እያሳዩ «ባ» የሚል ድምፅ ሲያሰሙ፣ አብዛኞቹ አድማጮች «ዳ» ሰማን አሉ። ዓይን ሲጨፈን «ባ» ተመልሶ ይመጣል። በጀርመን በተደረጉ ሙከራዎችም ሰዎች የአንድን ባቡር ድምፅ ከተለያዩ የባቡር ቀለሞች ጋር ሲያዳምጡ ቀዩ ከአረንጓዴው ይበልጥ እንደሚጮህ ፈርደዋል። የተለወጠው ቀለሙ ብቻ ነበር።

«ዴሲቤሉ እኩል ከሆነ ረብሻውም እኩል ነው»

ዴሲቤል የድምፅን ኃይል የምንለካበት ጠቃሚ መለኪያ ነው። እኩል የሚጮሁ ሁለት ባጃጆች ከአንዱ የሚበልጡት በ3 ዴሲቤል ያህል ነው፤ 10 ዴሲቤል ሲጨመር ደግሞ ጆሮ ድምፁ እጥፍ ገደማ የሆነ ይመስለዋል። መለኪያው የማይነግረን የሰሚውን ስሜት ነው። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው ደረጃ የአንድን አካባቢ «የድምፅ ገጽታ» የሚተረጉመው፣ ሰው በሁኔታው ውስጥ ሆኖ ድምፁን ከሚረዳበት መንገድ ተነስቶ ነው። በጥምቀት ቀን በፋሲል መዋኛ ዙሪያ ከበሮውና እልልታው ሲያስተጋባ፣ ነጭ የለበሰውን ሕዝብና ታቦቱን እያየ «ይህ ጫጫታ ነው» የሚል ሰው አላውቅም። ያንኑ ያህል ድምፅ ከመናኸሪያ ቢመጣ ግን መስኮት ይዘጋል።

«ዛፍ ድምፅ ያፍናል»

ብዙ ሰው የሚያምነው ይህንን ነው፤ እኔንም በጣም የሚያሳስበኝ ይኸው ነው። በመንገድ ዳር የተተከለ አንድ ረድፍ ዛፍ የሚቀንሰው ድምፅ እጅግ ጥቂት ነው፤ በቅጠሉና በግንዱ መካከል ድምፁ ያልፋል። ድምፅን የሚገታው ክብደት ያለውና ክፍተት የሌለው ነገር፣ ለምሳሌ የድንጋይ አጥር ነው። እሱም ቢሆን በደንብ የሚጠቅመው ከጀርባው ተጠግቶ ለቆመ ሰው ነው።

«እንግዲያው ዛፉ ይቆረጥ» የሚል ካለ ግን ተሳስቷል። የመኪናው ድምፅ በመለኪያ ባይለወጥም፣ አረንጓዴ ነገር የሚታያቸው ሰዎች ያነሰ እንደሚማረሩ ብዙ ጥናቶች አሳይተዋል። የጎንደሩን ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን አስቡት። የግቢው ግንብ ድምፁን በከፊል ይገታል፤ ዛፎቹ ዓይንን ያሳርፋሉ፤ ወፎቹና የቅጠሉ ሹክሹክታ ለጆሮ ሌላ የሚያደምጠው ነገር ይሰጡታል። ፒያሳ ሲደርሱ ግን ጣሊያን የሠራቸው ሕንፃዎች ጠንካራ ግድግዳ ድምፁን መልሶ ወደ መንገዱ ይወረውረዋል፤ ዓይንም የሚያርፈው በተሽከርካሪ ላይ ነው። እዚያ የሚተከል ዛፍ ዴሲቤል ባይቀንስም ሊተከል ይገባዋል ብዬ በጽኑ አምናለሁ።

«መንገዱ ከዓይን ከተሰወረ ጉዳዩ ያልቃል»

ሁልጊዜ አይደለም። መንገዱ ሙሉ በሙሉ በተክል ሲሸፈን ሰሚው ጸጥታ ይጠብቃል፤ ያልጠበቀው ድምፅ ሲመጣበት ይበልጥ የተበሳጨባቸው ሙከራዎች አሉ።

«አካባቢው ካማረ ድምፁ አይጎዳም»

ይህ አደገኛ ነው። ውበት ምሬትን ያቀላል እንጂ የድምፁን ኃይል አይቀንስም፤ በእንቅልፍ ጊዜ ደግሞ ዓይን ተዘግቶ ጆሮ ክፍት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ለአውሮፓ ባወጣው መመሪያ የመንገድ ድምፅ በቀንና በሌሊት ጥቅል አማካይ ከ53፣ በሌሊት ደግሞ ከ45 ዴሲቤል በታች እንዲሆን መክሯል። ለሌሊቱ የሚያስፈልጉት ሥራዎች ሌሎች ናቸው፦ የተበላሸ የጭስ ማውጫ መጠገን፣ የመጠጥ ቤት ድምፅ ማጉያን በሰዓት መገደብ፣ አዲስ ቤት ሲሠራም የመኝታ ቤቱን መስኮት ከመንገዱ ወደ ጓሮ ማዞር።