ውሃውን መቼ እናቁም? የመስኖ ዘዴዎች ሲዳሰሱ

መስኖ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ግድብ ነው፤ ካልሆነም ረጅም ቦይ። እስቲ ዛሬ ከአፈሩ እንነሳ። ሰብል ውሃ የሚጠጣው ሥሩ ከደረሰበት አፈር ነው። ያንን አፈር ጎተራ በሉት። አሸዋማ ከሆነ ጎተራው ጠባብ ነው፣ ያፈሳልም፤ ስለዚህ ጥቂት ጥቂት ውሃ ቶሎ ቶሎ ይፈልጋል። ሸክላማ ከሆነ ሰፊ ነው፤ አንዴ በደንብ ከጠጣ ብዙ ቀን ይዞ ይቆያል፣ ግን የሚጠጣው ቀስ ብሎ ነው፣ ካጣደፉት ውሃው ላዩ ላይ ይተኛል ወይም ሸሽቶ ይሄዳል። መስኖ ማለት እንግዲህ ዝናብ ሲያጥር ወይም ሲዘገይ ይህን ጎተራ በሰው እጅ መሙላት ነው። መሙላቱን ሁሉም ያውቅበታል። ከባዱ፣ ሞልቷል ብሎ ማቆሙ ነው።

ጥቅሙን ለማየት ሁለት ቁጥር ይበቃል። በዓለም ላይ ከሚታረሰው መሬት በመስኖ የሚለማው 20 በመቶ ገደማ ነው፤ ከዚያ መሬት ግን ከዓለም ምግብ 40 በመቶ ያህሉ ይገኛል። በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ ማምረት መቻሉ አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው፣ እኔ ትልቁ የምለው፣ ውሃው በሰዓቱ መድረሱ ነው። በቆሎን እዩት። ገና ለጋ ሳለ ትንሽ ቢጠማ ይችለዋል። አበባ አውጥቶ ፀጉሩን በሚለቅበት ሰሞን ግን ለጥቂት ቀናት ውሃ ካጣ ፍሬው በቅጡ አይያዝም፤ ከዚያ በኋላ የፈለገውን ያህል ቢዘንብ ሳይያዝ የቀረው ፍሬ ተመልሶ አይመጣም። በዚያች ሳምንት የደረሰ አንድ ውሃ የወራት ልፋት ያድናል። ውሃ እንዳለው የሚያውቅ ገበሬ ደግሞ ለምርጥ ዘርና ለማዳበሪያ ገንዘብ ለማውጣት ይደፍራል። ሰማይ ሰማይ የሚያየው ግን ቢፈራ አይፈረድበትም።

ከዘዴዎቹ ሁሉ የቆየውና ዛሬም አብዛኛውን የመስኖ መሬት የሚያጠጣው የገጸ ምድር መስኖ ነው። ውሃው ከወንዝ ተጠልፎ ወይም በፓምፕ ተስቦ በቦይ ይመጣል፣ ከዚያ በራሱ ቁልቁል ይሄዳል። ማሳው ላይ ሲደርስ ገበሬው በዶማ የቦዩን ጠርዝ ከፈት ያደርግና ወደ ፈሩ ይለቀዋል። ፈሩ ዳር ቆማችሁ ብታዩት ውሃው ደረቁን አፈር እየላሰ፣ ቅጠልና ገለባ እየገፋ፣ ስንጥቅ ባገኘ ቁጥር ቆም እያለ ነው የሚሄደው። ችግሩም እዚያው ፊት ለፊታችሁ ነው። የፈሩ ጫፍ እስኪርስ ድረስ መግቢያው ላይ ያለው አፈር ከሚችለው በላይ ይጠጣል። ትርፉ ከሥሩ በታች ሰርጎ ይሄዳል፤ ማዳበሪያውንም አጥቦ ይዞት ይወርዳል። ስለዚህ ከመግቢያው ያለው ሰብል ቢጫ ሲሆን ጫፍ ላይ ያለው ይጠወልጋል፤ ሁለቱም ያው አንድ ማሳ ላይ ናቸው። መፍትሔው ውድ አይደለም። ፈሩን ማሳጠር፣ መሬቱን ማስተካከል፣ መጀመሪያ ውሃውን በርከት አድርጎ ለቆ ጫፍ ሲደርስ መቀነስ። በደንብ በተስተካከለ መሬት ላይ ከሚለቀቀው ውሃ 60 በመቶ ያህሉ ሰብሉ ጋ ይደርሳል፤ በዘፈቀደ ከተለቀቀ ግን የሚደርሰው ከዚያ በብዙ ያንሳል።

ሩዝ እዚህ ላይ ለየት ይላል። ማሳው በትንንሽ የአፈር ግድቦች ተከፍሎ ውሃ ይተኛበታል፣ በዋናነትም አረሙን ለማፈን። ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ መቆም አለበት የሚለው እምነት ግን ልክ አይደለም። ዓለም አቀፉ የሩዝ ምርምር ተቋም ያስፋፋው ዘዴ አለ፦ የተበሳሳ ቱቦ መሬት ውስጥ ይቀበራል፣ በቱቦው ውስጥ የሚታየው ውሃ ከመሬት ወለል 15 ሴንቲሜትር ዝቅ ሲል ብቻ እንደገና ይጠጣል። በዚህ ብቻ እስከ 30 በመቶ የሚደርስ ውሃ ይተርፋል፣ ምርቱም አይጎዳም። አንዲት ቁራጭ ቱቦ! እንዲህ ዓይነቱን ነገር ሳይ ከማንኛውም ትልቅ ግድብ በላይ ደስ ይለኛል።

የርጭት መስኖ ዝናብን ለመምሰል የሚሞክር ነው። ውሃ በግፊት በቧንቧ ይመጣና በአየር ላይ ይበተናል። ወጣ ገባ ለሆነ መሬትና ለአሸዋማ አፈር ይመቻል። ከአውሮፕላን መስኮት ቁልቁል ሲታዩ ክብ ክብ ሆነው የሚታዩት አረንጓዴ እርሻዎች የዚሁ ውጤት ናቸው። መሐል ላይ በተተከለ ምሰሶ ዙሪያ፣ በጎማ ላይ ቀስ ብሎ የሚዞር ረጅም ቧንቧ ነው የሚሠራቸው፤ ፍራንክ ዛይባክ የተባለ አሜሪካዊ ገበሬ እ.ኤ.አ. በ1952 የፈጠራ መብቱን ያገኘበት ነው። ሁለት ነገር ልብ በሉ። ቀትር ላይ ነፋስ እያለ ከተረጨ ከውሃው ከፊሉ ሰብሉ ጋ ሳይደርስ ይተናል፤ ማለዳ ይሻላል። ቅጠል ውሎ አድሮ እርጥብ ሲሆን ደግሞ የሻጋታ በሽታ ይመጣል።

የጠብታ መስኖን ሁሉም ያደንቀዋል፣ ይገባዋልም። ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ በተክሉ አጠገብ ይዘረጋል፤ በላዩ ያሉት ትንንሽ ማንጠባጠቢያዎች በአብዛኛው በሰዓት ከ1 እስከ 4 ሊትር ያህል ይለቃሉ። ሥሩ ያለበት ቦታ ብቻ ይርሳል። መሐሉ ደረቅ ስለሚሆን አረም አይፋፋም። ከውሃው 90 በመቶ ያህሉ ለተክሉ ይደርሳል። የዘመኑን ቴክኖሎጂ በማስፋፋት ስሙ የሚነሳው እስራኤላዊው መሐንዲስ ሲምቻ ብላስ ነው፤ ሐሳቡ የመጣለት ከጎረቤቶቹ ይልቅ ለምልሞ የወጣ ዛፍ አይቶ፣ ከሥሩ የሚያፈስ ቧንቧ መኖሩን ሲያውቅ እንደሆነ ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ1965 ኔታፊም የተባለው ኩባንያ በዚህ ሥራ ተቋቋመ። ጠብታ ግን ተረከብኩ ተብሎ የሚተው ዕቃ አይደለም። ቀዳዳዎቹ ከመርፌ ቀዳዳ ብዙም አይበልጡም፤ አሸዋ፣ አልጌ ወይም የኖራ ዝቃጭ ይደፍናቸዋል። ማጣሪያው በየጊዜው ካልታጠበ፣ የቱቦው ጫፍ ተከፍቶ ካልጠራ፣ በአንድ ወቅት ውስጥ ግማሹ ተክል ሲጠማ ታያላችሁ፣ ቱቦው ግን ደህና የተዘረጋ ይመስላል። ገንዘቡ ለሌለው ሰው የድሮው የሸክላ እንስራ አለ። ያልተቀባ እንስራ አንገቱ ብቻ እስኪቀር ተክሎች መሐል ይቀበርና ውሃ ይሞላል፤ ሸክላው ራሱ ቀስ እያለ ያሰርጋል፣ አፈሩ ሲረካ መስረጉ ይቀንሳል። ቻይናውያን ይህን ከ2,000 ዓመት በፊት ጽፈውታል።

የትኛውም ዘዴ ይሁን፣ ከማጠጣታችሁ በፊት አፈሩን ጠይቁት። ሥሩ እስካለበት ድረስ ቆፈር አድርጉና አንድ እፍኝ አውጥታችሁ ጨብጡት። ኳስ ሆኖ መዳፋችሁን ካረጠበ ገና ነው፣ ተዉት። ኳስ ሠርቶ ጣት ሲነካው የሚፈረፈር ከሆነ ጊዜው ደርሷል። ጭራሽ አልያዝ ካለ ዘግይታችኋል። ላዩን ብቻ አይቶ መፍረድ ያሳስታል፤ ላዩ አቧራ ሆኖ አንድ ስንዝር ዝቅ ሲል ጭቃ የሆነ ማሳ ብዙ ነው።

አሁን ወደ ጨው እንምጣ፤ ብዙ ዳሰሳ በአንድ መስመር የሚያልፈው ጉዳይ ይሄ ነው። በአንድ ሊትር ውስጥ ግማሽ ግራም ጨው ያለበት ውሃ ስትቀምሱት ምንም አይልም። በሞቃት ቦታ ለአንድ ሄክታር በዓመት 10,000 ሜትር ኩብ ብታጠጡበት ግን 5,000 ኪሎ ጨው ማሳው ላይ አራገፋችሁ ማለት ነው። ውሃው ይተናል፣ ጨው አይተንም። አልፎ አልፎ በተጨማሪ ውሃ ወደ ታች ካልታጠበ፣ የታጠበውም በማጠንፈፊያ ቦይ ከማሳው ካልወጣ ይከማቻል። ይባስ ብሎ ያለልክ ሲጠጣ የከርሰ ምድር ውሃው ከፍ እያለ ይመጣና የታችኛውን ጨው ይዞ ይወጣል። በጥንቷ ሜሶጶጣሚያ ደቡብ ስንዴ እየቀረ ገብስ የነገሠው በዚህ ነው የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ፤ ገብስ ጨውን ከስንዴ ይበልጥ ይችላልና። ማሳው ላይ ነጭ ነገር እንደ ዱቄት ተነስንሶ ካያችሁ ጉዳዩ ቆይቷል።

ልክ ማጣት በአገር ደረጃ ሲሆን ምን እንደሚያደርስ የሚያሳየው የመካከለኛው እስያ የአራል ባሕር ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 በዓለም በስፋቱ አራተኛው ሐይቅ ነበር። የሚመግቡትን ሁለት ወንዞች፣ አሙ ዳርያንና ሲር ዳርያን፣ ሶቪየት ኅብረት ለጥጥ እርሻ ጠለፈቻቸው፤ ብዙው ውሃ ባልተሸፈኑ ቦዮች እየሰረገ መንገድ ላይ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2007 ከሐይቁ የተረፈው አንድ አሥረኛው ያህል ነበር። የቀሩት የዛጉ መርከቦችና ጨው የሚያቦን ነፋስ ናቸው።

የሰው ልጅ ከወንዝና ከከርሰ ምድር ከሚያወጣው ንጹህ ውሃ 70 በመቶ ያህሉ ወደ እርሻ ይሄዳል። ታዲያ ሁሉንም ወደ ጠብታ ብንቀይር አይገላግለንም? እንዲህ ቀላል ቢሆን ጥሩ ነበር። ገበሬው የቆጠበውን ውሃ ብዙ ጊዜ ወንዙ ውስጥ አይተወውም፣ ተጨማሪ መሬት ያጠጣበታል፤ ቀድሞ ከማሳው ሾልኮ ወደ ታች ጎረቤት ይደርስ የነበረውም ይቀራል። በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ፓምፕም ነዳጅ ስለማይጠይቅ ቀኑን ሙሉ ማስኬድ ያጓጓል፣ የጉድጓዱ ውሃ ግን እየራቀ ይወርዳል። ስለዚህ ከዕቃው ጋር ማን፣ መቼ፣ ምን ያህል ይወስዳል የሚለው ስምምነት አብሮ መምጣት አለበት።

በስፔኗ ቫሌንሲያ ይህን ለዘመናት የያዘ የውሃ ችሎት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ዩኔስኮ በቅርስነት መዝግቦታል። ሐሙስ ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ካቴድራሉ በር ላይ ይሰየማል። ክርክሩ በቃል ነው፣ ፍርዱም እዚያው ይሰጣል። ዳኞቹ ገበሬዎቹ ራሳቸው የመረጧቸው ገበሬዎች ናቸው። ከሚያዩአቸው ክሶች አንዱ ውሃ መስረቅ ነው፤ ሌላው ደግሞ ያለልክ ለቅቆ የጎረቤትን ማሳ ማጥለቅለቅ።