ዋሽንግተን የማን ስም ነው? ስለ አንድ የእንግሊዝ ቤተሰብ የሚወራውና እውነታው

ዲሲ አካባቢ የምንኖር ሐበሾች ይህን ስም በቀን ስንት ጊዜ እንደምንጠራው እንጃ። ባለፈው ቡና ላይ ተቀምጠን አንዱ «ለመሆኑ ዋሽንግተን ምን ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀ። «የፕሬዚዳንቱ ስም ነዋ!» አሉት። «እሱስ ከየት አመጣው?» ሲል ዝም ዝም ሆነ። ትንሽ ቆይቶ ግን ሁሉም የሰማውን ማውራት ጀመረ። ከወሬው ግማሹ ስህተት ነበር። ቡናው ላይ ተከራክሬ አልጨረስኩምና እዚህ ልጨርሰው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«እንግሊዝ ያለችው ዋሽንግተን በጆርጅ ዋሽንግተን ስም የተሰየመች ናት»

የተገላቢጦሽ ነው። ሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ ሰንደርላንድ አጠገብ ያለችው ዋሽንግተን ስሟ በ1183 መዝገብ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ጆርጅ የተወለደው በ1732 ነው። ከ500 ዓመት በላይ ትቀድመዋለች ማለት ነው። አሜሪካኖቹም ቢሆኑ ይህን አይክዱም። ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር በ1977 እዚያች መንደር ድረስ ሄደው ዛፍ ተክለዋል።

«ዋሽ ማጠብ ነው፤ ስለዚህ የአጣቢዎች ከተማ ማለት ነው»

ይሄ እንኳ ጨዋታ ነው። ግን በቁም ነገር የሚያወራውም አለ። ስሙ የመጣው ከጥንቱ እንግሊዝኛ ነው። መጨረሻው ላይ ያለው «ተን» እርሻ ወይም ቀዬ ማለት ነው። መሃሉ ላይ ያለው «ኢንግ» ወገንን ያመለክታል። መጀመሪያው ደግሞ የሰው ስም ነው፤ የቦታ ስም አጥኚዎች ዋሳ ወይም ህዋሳ ይሉታል። አንድ ላይ ሲነበብ «የእነ ዋሳ ቀዬ» እንደማለት ነው። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ደጃች ውቤ ሰፈርን ያስብ። ልዩነቱ ደጃች ውቤን እናውቃቸዋለን፤ ዋሳ ግን ከስሙ በቀር ምንም አልተረፈውም።

«የዘሩ አባት ዋሽንግተን የሚባል ሰው ነበር»

እኛ እንዲህ ብለን ብናስብ አይፈረድብንም። የእኛ ሁለተኛ ስም የአባት ነው፤ ሦስተኛው የአያት። ስማችን «የማን ልጅ ነህ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ነው። የእነሱ ቤተሰብ ስም ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ጥያቄ ነው የሚመልሰው። አንዳንዱ «ሥራህ ምንድነው?» ለሚለው፣ አንዳንዱ «የየት ነህ?» ለሚለው። ዋሽንግተን ከሁለተኛው ወገን ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ዊሊያም የሚባል ባለ ርስት ነበር። ሃርትበርን የምትባል መሬት ስለነበረችው «ዊሊያም ደ ሃርትበርን» ይሉታል። ይህች «ደ» የእኛዋ የግዕዝ «ዘ» ናት። አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ እንደምንለው ዊሊያም ዘሃርትበርን ማለት ነው። ከዚያ ሰውዬው ከደርሃም ጳጳስ ጋር መሬት ተለዋወጠ። ሃርትበርንን ሰጠ፣ ዋሽንግተንን ተቀበለ። ጳጳሱ በ1183 ባስመዘገበው የርስት መዝገብ ላይ ግዴታው ሳይቀር ተጽፏል። በዓመት 4 ፓውንድ ይከፍላል፤ ጳጳሱ ለትልቁ አደን ሲወጣ ደግሞ 4 የአደን ውሾች ይዞ ይገኛል።

መሬቱ ሲለወጥ ስሙም አብሮ ተለወጠ። ዊሊያም ዘሃርትበርን የነበረው ዊሊያም ዘዌሲንግተን ሆነ። እስቲ አስቡት፣ ያ ልውውጥ ባይኖር ኖሮ ዛሬ የምንኖረው ሃርትበርን ዲሲ ሊሆን ይችል ነበር። እንግሊዝኛ ጆሮ ላላችሁ፣ ቃር ዲሲ!

ዌሲንግተን ያልኩት ተሳስቼ አይደለም። ያኔ ቋሚ አጻጻፍ የሚባል ነገር አልነበረም። ጸሐፊው እንደሰማው ነው የሚጽፈው። ከ1416 እስከ 1446 የደርሃም ገዳም አለቃ የነበረው ጆን እንኳ ስሙ የሚጻፈው ዌሲንግተን ተብሎ ነው። ኢሚግሬሽን ፎርም ላይ ስማችን በሦስት ዓይነት ፊደል ተጽፎ መከራችንን ለምናይ ሰዎች ይሄ አዲስ ነገር አይደለም።

«ይህን ስም የያዘ ሁሉ የአንድ ቤት ልጅ ነው»

አይደለም። በደቡብ እንግሊዝ፣ ሰሴክስ ውስጥ፣ ሌላ ዋሽንግተን የምትባል መንደር አለች። ከመንደሯ የወጣ ሰው በስሟ ሊጠራ ይችላል። ጎንደሬ ሁሉ ዘመድ እንዳልሆነ ማለት ነው።

«የአሜሪካ ባንዲራ የተቀዳው ከዋሽንግተን ቤተሰብ ዓርማ ነው»

የቤተሰቡ ዓርማ ነጭ ጋሻ ላይ ሁለት ቀይ አግድም መስመርና ከላይ ሦስት ቀይ ኮከብ ነው። ኮከብም መስመርም ስላለው ሰው ወዲያው ያገናኘዋል። ነገር ግን ባንዲራው በሰኔ 1777 ሲወሰን ከዚህ ዓርማ ተቀዳ የሚል የዚያ ዘመን ማስረጃ የለም። ውሳኔው 13 መስመርና 13 ኮከብ ይላል፤ ቁጥሩም የግዛቶቹ ነው። ወሬው የተስፋፋው መቶ ዓመት ቆይቶ ነው።

በእርግጥ ከዓርማው የተቀዳ ባንዲራ አለ። እሱም የዲሲ ባንዲራ ነው፤ በ1938 ነው የጸደቀው። በየመንገዱ የምታዩት ሁለት ቀይ መስመርና ሦስት ኮከብ የእነዚያ የእንግሊዝ ባለ ርስቶች ምልክት ነው።

በነገራችን ላይ ኢንተርኔት ላይ «የቤተሰብዎን ዓርማ እንሸጣለን» የሚሉትን አትመኑ። በእንግሊዝ ሕግ ዓርማ የሚሰጠው ለሰው ነው፣ ከዚያ ወደ ልጆቹ ይወርዳል። የስም ዓርማ የሚባል ነገር የለም።

«ወደ አሜሪካ የተሰደዱት የሃይማኖት ነፃነት ፍለጋ ነው»

ይሄ የሌሎች ታሪክ ነው። የዋሽንግተኖች ስደት ሌላ ነው፤ የጀመረውም እዚያው እንግሊዝ ውስጥ ነው። ከቤተሰቡ አንዱ ቅርንጫፍ ከደርሃም ወደ ምዕራብ ተሻግሮ ላንካሸር ውስጥ ዋርተን የምትባል መንደር ሰፈረ። ከዚያ ሎውረንስ የሚባለው ወደ መሃል አገር ወርዶ ኖርዛምፕተን ከተማ ገባ። በሱፍ ንግድ ከበረ፣ የከተማው ከንቲባ ሆነ። ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ገዳማትን ዘግቶ መሬታቸውን ሲሸጥ ሎውረንስ በ1539 ሰልግሬቭ የተባለውን ርስት ገዛ። ዋጋው 324 ፓውንድ ከምናምን። ቤቱ ዛሬም አለ፤ ሙዚየም ሆኗል።

ሀብቱ ግን አልቆየም። የልጅ ልጅ ልጁ፣ እሱም ሎውረንስ፣ ኤሴክስ ውስጥ ፐርሊ የምትባል ደብር ቄስ ነበር። ንጉሡና ፓርላማው የተዋጉበት የእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት ሲመጣ የንጉሡ ወገን ተባለ። በ1643 ፒዩሪታኖቹ፣ የእንግሊዝን ቤተ ክርስቲያን እናጥራ የሚሉት ጥብቅ ፕሮቴስታንቶች፣ ከደብሩ አባረሩት። ክሱ መጠጥ ቤት ያዘወትራል የሚል ነበር። እውነት ይሁን የፖለቲካ ሰበብ፣ ቤተሰቡ ድሃ ሆኖ ቀረ። እንግዲህ አስተውሉ። የሃይማኖት ነፃነት ፈላጊ የሚባሉት ፒዩሪታኖች ናቸው። ዋሽንግተኖቹ ደግሞ በእነሱ የተባረሩት።

የቄሱ ልጅ ጆን ታዲያ የትምባሆ ንግድ ላይ ተሰማራ። በ1656 «ሲ ሆርስ ኦፍ ለንደን» በምትባል መርከብ ወደ ቨርጂኒያ ሄደ። ሐሳቡ ትምባሆ ጭኖ መመለስ ነበር። በ1657 መጀመሪያ ላይ ጭነው ሲነሱ መርከቧ ፖቶማክ ወንዝ ላይ ደለል ላይ ተቀመጠች። ያው እኛ በየቀኑ በድልድይ የምንሻገረው ፖቶማክ። መርከቧ እስክትጠገን ጆን እዚያው ከረመ፤ የአንድ ባለ ሀብት ገበሬ ልጅ ወደደ፣ አገባ፣ ቀረ። የፕሬዚዳንቱ ቅድመ አያት ይሄ ነው። «ትንሽ ሠርቼ እመለሳለሁ» ብሎ የቀረ የመጀመሪያው የዲሲ አካባቢ ሰው ብለው የሚቀልዱበት ቢኖሩ አልፈርድም።

«ዛሬ ያሉት ዋሽንግተኖች የፕሬዚዳንቱ ዘሮች ናቸው»

ጆርጅ ልጅ አልወለደም። ያሳደጋቸው የሚስቱን የማርታን ልጆችና የልጅ ልጆች ነው። የእነሱም ስም ከስቲስ ነበር። የእሱን ቤት ስም ያስቀጠሉት ወንድሞቹ ናቸው።

«ጥቁር ዋሽንግተኖች ሁሉ የእሱ ባሪያዎች ልጆች ናቸው»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በ2000 የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ዋሽንግተን የሚል የቤተሰብ ስም ያላቸው ከ163 ሺህ በላይ ሰዎች ተመዝግበዋል። ከአሥሩ ዘጠኙ ጥቁር ናቸው። የአንድ እንግሊዛዊ ባለ ርስት ስም ዛሬ በዋናነት የጥቁር አሜሪካውያን ነው።

ታዲያ ሁሉም ከጆርጅ ርስት የወጡ ናቸው? ቁጥሩ ራሱ አይፈቅድም። በ1799 ሲሞት ማውንት ቨርነን በሚባለው ርስቱ ላይ 317 ሰዎች በባርነት ይኖሩ ነበር፤ የራሱ የሚባሉት 123 ነበሩ። ደግሞም ባሪያ የመጨረሻ ጌታውን ስም ይወስዳል የሚለው ሕግ አልነበረም። ጆርጅ በኑዛዜው ወዲያውኑ ነፃ ያወጣው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ በአሜሪካ የነፃነት ጦርነት ዘመን ሁሉ ከጎኑ ያልተለየው አገልጋዩ ዊሊያም። 30 ዓመት ከጆርጅ ጋር ኖሮ ዋሽንግተን አልተባለም። ዊሊያም ሊ ነው የሚባለው። ሊ የቀድሞ ጌታው ስም ነው።

ከ1865 በኋላ ነፃ የወጡት ሚሊዮኖች ስም ሲያስመዘግቡ የየራሳቸው ምክንያት ነበራቸው። ቡከር ዋሽንግተንን እንውሰድ፤ ታላቁ የትምህርት ሰው። በ1856 በባርነት ተወለደ። ትምህርት ቤት ሲገባ ሌሎቹ ልጆች ሁለት ሁለት ስም ሲጠሩ ሰማ። እሱ ያለው አንድ ብቻ ነው። ተራው ሲደርስ «ቡከር ዋሽንግተን» አለ። እንጀራ አባቱ በመጀመሪያ ስሙ ዋሽንግተን ይባል ነበር። ልጁ ሳያስበው የእኛን አገር ልማድ ነው የተከተለው!

በእርግጥ ከጆርጅ ርስት ስሙን ይዘው የወጡም አሉ። ሃሪ የሚባል ሰው ነበር፤ ትውልዱ ጋምቢያ ወንዝ አካባቢ። ጆርጅ በ1763 ገዛው። ሃሪ አንዴ ጠፍቶ ተያዘ። በ1776፣ ጌታው ስለ ነፃነት ሲዋጋ፣ እሱም ነፃነቱን ብሎ ወደ እንግሊዞች ጦር ኮበለለ። በ1783 ከኒው ዮርክ ወደ ካናዳ ሲሳፈር መዝገቡ ላይ ሃሪ ዋሽንግተን ተብሎ ተጻፈ። በ1792 ደግሞ ወደ 1,200 ከሚጠጉ ጥቁሮች ጋር ውቅያኖሱን መልሶ አቋርጦ ሴራሊዮን ገባ። እዚያም የሚያስተዳድረው ኩባንያ በየዓመቱ የመሬት ግብር ክፈሉ አላቸው። ሰፋሪዎቹ አሻፈረኝ አሉ። በ1800 ሲያምፁ ሃሪ አብሮ ነበር። ተሸነፉ፣ እሱም ከፍሪታውን ባሻገር ወዳለው የቡሎም ዳርቻ ተጋዘ። ያ የመጀመሪያው ዊሊያም፣ ዘሃርትበርን የነበረው፣ ለጳጳሱ በዓመት 4 ፓውንድ የመክፈል ግዴታ ነበረበት።